በቴክሳስ ቆሻሻ ሲመዘን

አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልን፣ ውድ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሰ ጉዳያችን በቴክሳስ ግዛት ደረቅ ቆሻሻን ባልተፈቀደ ቦታ መጣል የሚያስከትለው ቅጣት ነው። በሂውስተንና በዳላስ አካባቢ ቤት በማደስ፣ ዕቃ በማጓጓዝና ቤት በማከራየት የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖች ስላሉን ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። ጋሼ፣ ሕጉን በጥሞና አንብበውታልና ከእርስዎ ልጀምር።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ አመሰግናለሁ፣ እህቴ። ሕጉ የሚገኘው በግዛቲቱ የጤናና ደኅንነት ሕግ ምዕራፍ 365 ውስጥ ሲሆን፣ ዋናው አንቀጽ 365.012 ነው። አንቀጹ የደፋውን ሰው ብቻ የሚይዝ አይደለም፤ እንዲደፋ የፈቀደውን፣ ለመድፋት ጭኖ ያጓጓዘውን፣ በገዛ መሬቱም ላይ ቢሆን የሌላ ሰው ቆሻሻ ተቀብሎ ያስደፋውን ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል።

አዘጋጅ፦ ቅጣቱ በክብደት ይለያያል ሲባል እሰማለሁ።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ በክብደት ወይም በይዘት፣ ማለትም በሚይዘው ቦታ መጠን፣ ይለያያል። ከ5 ፓውንድ ያልበለጠ ቆሻሻ እስከ 500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ከዚያ በላይ ሆኖ 500 ፓውንድ ካልደረሰ እስከ 180 ቀን እስራት፣ እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል፤ ከ500 ፓውንድ ጀምሮ 1,000 እስኪሞላ ድረስ ደግሞ እስራቱ እስከ አንድ ዓመት፣ መቀጮው እስከ 4,000 ዶላር ይደርሳል። 1,000 ፓውንድ ሲሞላ ጉዳዩ ወደ ፌሎኒ፣ ማለትም ወደ ከባድ ወንጀል ይሸጋገራል፤ ቅጣቱም ከ180 ቀን እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ነው። በተዘጋ በርሜል የተጣለ ከሆነ ግን ክብደቱ ምንም ያህል ቢያንስ ፌሎኒ ነው።

አዘጋጅ፦ 1,000 ፓውንድ ብዙ ስለሆነ፣ አንድ ፒካፕ ይዞ የሚሠራ ሰው እዚያ አልደርስም ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። ድርጊቱ ለገንዘብ ጥቅም የተፈጸመ ከሆነ የፌሎኒው መነሻ ከ1,000 ወደ 200 ፓውንድ ይወርዳል። አራት በስምንት ጫማ የሆነ አንድ የጂፕሰም ቦርድ በግምት 50 ፓውንድ ይመዝናል፤ ስለዚህ የደንበኛውን ግድግዳ አፍርሶ ከአራት ወይም ከአምስት ቦርድ የወጣውን ፍርስራሽ ጥሻ ውስጥ የጣለ ሠራተኛ በፌሎኒ ሊከሰስ ይችላል። እኔ በበኩሌ ሕጉ በትርፍ ላይ መጥበቁን ትክክል ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የማስወገጃ ክፍያውን ከደንበኛው ተቀብሎ ቆሻሻውን በሰው ሰፈር የሚያራግፍ ሰው የሰፈሩን ጤና ሸጦ ነው ኪሱን የሚሞላው።

አዘጋጅ፦ ቆሻሻውን ከፍሎ ያስነሣው የቤት ባለቤትስ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ይህን ስትጠይቂኝ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ወጥ ቤቴን ሳሳድስ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ለጠየቀኝ ሰው አስጫንኩ፤ ቆሻሻው የት እንደሚራገፍ ግን አልጠየቅሁም። በኋላ ጅረት ዳር እንደጣለው ስሰማ እጅግ አዘንኩ። ሕጉ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጦለታል፦ ቆሻሻው የወጣበት ወገን ከመጫኑ በፊት ጫኚው በሕጋዊ መንገድ እንደሚያስወግድ የፈረመበትን ጽሑፍ፣ የቴክሳስ መንጃ ፈቃድ ቁጥሩን ጨምሮ፣ ከያዘ፣ የፌሎኒ ክስ ቢመጣበት የጥፋት ሐሳብ እንዳልነበረው ይገመትለታል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ይህን ግምት በማስረጃ ሊያፈርሰው ይችላል። ከፌሎኒ በታች ባሉት ክሶች ላይ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ የተከሳሹን ሐሳብ እንዲያረጋግጥ አይገደድም፤ ስለዚህ «አላወቅሁም» ማለት ብዙ አያድንም።

አዘጋጅ፦ ድጋሚ የተገኘ ሰውስ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ቅጣቱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ለንግድ ሲል የደጋገመ ሰው መኪናውንም ሊወረስ ይችላል፤ በመኪናው ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ ከመቀጮው ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። ለዜግነት የሚያመለክት ወገናችን ደግሞ መታሰርና መፈረድ በማመልከቻው ላይ የሚጠየቁ መሆናቸውን አውቆ፣ ክስ ከመጣበት ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

አዘጋጅ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሕጉ አፈጻጸም ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሐምሌ 2022፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሂውስተን ከተማ ከጥቁሮችና ከላቲኖች ሰፈሮች ለሚመጡ የሕገወጥ ቆሻሻ አቤቱታዎች የሚሰጠው ምላሽ አድልዎ ያለበት መሆን አለመሆኑን መመርመር ጀምሮ፣ በሰኔ 2023 ከከተማው ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። አቤቱታ አቅራቢዎቹ ከዘረዘሯቸው ነገሮች መካከል የቤት ዕቃ፣ ፍራሽና ጎማ ይገኙባቸዋል። ሕጉ ይህን ያህል ብርቱ ሆኖ ሳለ እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በቆሻሻ ክምር መካከል ከሆነ፣ የጎደለው የቅጣቱ መጠን ነው ብዬ አላምንም።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ እውነትሽን ነው። ፒካፑን ነድቶ የሚራገፍበትን ቦታ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ቅጥረኛው ሲሆን፣ ዋጋውን የተዋዋለው አለቃ ከቦታው አይገኝም። ፖሊስ የሚያገኘውም በቦታው ያለውን ነው። ስለዚህ ለሰው ተቀጥራችሁ የምትጭኑ ወንድሞቼ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ፈቃድ ያለው የማስወገጃ ቦታ የት እንደሆነና ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ ካራገፋችሁ በኋላም ደረሰኙን አትጣሉ። በሰፈራችሁ ሲጣል ያያችሁ ደግሞ በሂውስተንም በዳላስም ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ ወደ 311፣ ደውሉ፤ ስትደውሉ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከተቻለ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ንገሯቸው።