ፕላኑን ማን ደገፈው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ የምናገረው ከሐዋሳ ነው።

በዚህ ከተማ ፕላን የሚቃወም ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። «ሐይቁ ይጠበቅ፣ ከተማው በሥርዓት ይደግ» በሉ፤ ከባጃጅ ሾፌሩ እስከ ባለሆቴሉ የማይስማማ የለም። ምክንያትም አለን። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባው በጨለለቃ ረግረግ አድርጎ ነው፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ረግረጉ ላይ ቤት አትሥሩ ማለት የወፍ ወዳጆች ቅንጦት አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ የማንኛውም ከተማ ፕላን ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። እንዲህ ዓይነት ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ባለሙያው በፕላኑ ካርታ ላይ አረንጓዴው ምን እንደሆነ፣ ቢጫው ምን እንደሆነ ያስረዳል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ተደፍቶ ቤቱን ይፈልጋል። አንድ አዛውንት ጣታቸውን ከአስፋልቱ አስነስተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዙረው አንድ ቦታ ላይ አቆሙት። «እኔ መንገድ ውስጥ ነኝ ማለት ነው?» ባለሙያው ዝም አለ። ጎረቤታቸው ግን «መንገዱማ ያስፈልገናል» አሉ። የእሳቸው ግቢ ከመንገዱ ዳር ቀርቷል፤ ነገ ሱቅ ይወጣዋል።

ብዙዎች በጎረቤትየው ይስቁ ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ አዛውንቱም ጎረቤታቸውም የቤት ባለቤቶች ናቸው። በአዳራሹ የነበርነውም አብዛኞቻችን እንዲሁ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሼዱ፣ መንገዱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ሁሉ ታቅዶ ነበር። ሊሠሩበት ለመጡት በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች የሚሆን መኖሪያ ግን አልተሰናዳም። ያስጠለላቸው ባለቤቶች በየጓሯቸው የቀጣጠሉት የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ አንዷን ክፍል ለሦስት ለአራት ተጋርተው ያድራሉ። አብዛኛው ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ ነው። «ሕገወጥ ግንባታ ይቁም» ብለን ስናጨበጭብ የእነሱን መኝታ ጭምር እያስቆምን እንደሆነ ማን ነገረን? ደንቡ ይቅር አልልም። ክፍሉ ከመከልከሉ በፊት ግን ምትኩ በፕላኑ ላይ ቦታ ይኑረው፤ በቀለም ይቀመጥ።

ያ ስብሰባ የተጠራው ረቡዕ ጠዋት ነበር፤ ልጆቹ ከስፌት መኪናቸው ፊት ባሉበት ሰዓት። ቀጣዩ እሑድ ከሰዓት ይሁን ብዬ በአስተያየት መስጫው ላይ ጽፌያለሁ። እናንተም በየቀበሌያችሁ ጠይቁ፤ ተከራይ ይጠራል ወይ?