መጀመሪያ ስልክ፣ ወተቱ ይቆይ

የእነዋሪ ሰዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ቶሎ እለቃችኋለሁ።

የማወራው ስለ መርዝ ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቤቱ ውስጥ መርዝ የሌለው እጁን ያውጣ ብል፣ የሚያወጣ ካለ ቤቱን ያልፈተሸ ነው። በረኪና አለ። ላምባ አለ። የአይጥ መርዝ አለ። ጎተራው አጠገብ የነቀዝ ክኒን አለ። የማሳውንማ ተዉት፤ ጅሩ ላይ ስንዴ ዘርቶ ፀረ-አረም የማይረጭ ገበሬ ዛሬ ከየት ይገኛል?

አልጋ ሥር ያለችውን ሃይላንድ እንውሰድ። ገበያ ላይ ከትልቅ ጀሪካን ተቀንሶ የተገዛ ኬሚካል ነው ያለባት። ክዳኗ ስለላላ በፌስታል ታስሯል። ውስጧ ያለው ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ላይዋ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ ካለም የውሃው ስም ነው። አባትየው ምን እንደሆነ ያውቃል። ለሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ሃይላንድ ማለት የሚጠጣ ነገር ነው።

ልጁ አንድ ጉንጭ ጠጣ እንበል። ቤቱ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዷ ወተት ይዛ ትሮጣለች፣ አንዱ ጨው ይበጠብጣል፣ ጎረቤት ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ካላስታወክሁት ይላል፣ ሌላው ይሳላል (ስለቱ አይከፋም፣ መኪና ውስጥ ሆኖም ይሳላል)። ሁሉም ከፍቅር ነው። ግን ላምባ የጠጣ ልጅ ሲያስታውክ ላምባው ወደ ሳንባው ይገባል፣ የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰውም እዚያ ነው። በረኪና ደግሞ ሲወርድ የነካውን ጉሮሮ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋል። በጥብጠን የምንግተው የጨው ውሃ ራሱ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ሌላው ዓለም የመርዝ መረጃ ማዕከል ያቋቋመው ለዚች ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ቺካጎ ላይ የተከፈተው በአውሮፓውያን 1953 ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሉዊስ ግዳልማን የሚባል ፋርማሲስት ነበር፤ በየሱቁ የሚሸጠው ሳሙናና ማጽጃ ውስጡ ምን እንዳለ በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ሐኪሞቹ ሲጨንቃቸው የሚደውሉት ለሱ ነው። አንድ ሰውና አንድ ሳጥን ካርድ። ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው።

አሁን እዚያ እናት ልጇን እንዳቀፈች በነፃ ትደውላለች፣ ሌሊትም ቢሆን። የሚያነሳው መርዝን ሥራዬ ብሎ የተማረ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ነው። ምን ጠጣ? ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ። ምን ያህል ጎደለ? ስንት ሰዓት ላይ? ዕድሜው፣ ኪሎው? ደህና ይተነፍሳል? ከዚያ ወይ “አሁኑኑ ውሰጂው” ይላታል፣ ወይ “አፉን አጥቢውና እዚያው ይቆይ፣ ቆይቼ እደውላለሁ” ይላታል። እዚያ በመርዝ ከሚደወለው ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ቤቱ ሆኖ ነው የሚያበቃው። እኔን ከሁሉም የሚያስቀናኝ ይሄ ነው፤ ከዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ መኪና የተኮናተረ ሰው ይገባዋል። ሐኪሞችም ራሳቸው ይደውላሉ፣ የሺሁን ኬሚካል ዓይነት በቃሉ የሚያውቅ ሐኪም የለማ።

ማዕከሉ ሌላም ሥራ አለው፦ ይቆጥራል። አንድ ዓይነት ሕመም ካንድ አካባቢ ሲደጋገም ምንድን ነው ብሎ ያነሳል። እኛ ጋ ጓያ ስንቱን እግሩን አስሮ አስቀርቶታል፣ ሰው ግን እንፋሎቱ ነው የያዘው ሲል ኖረ። ወራት ሙሉ ጓያን ዋና ምግብ አድርጎ መብላቱ ነው እንጂ እንፋሎቱ አይደለም። የከሰል ጭስም እንዲሁ ነው፤ በብርድ ቤት ዘግተው ያደሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን አይደለም፣ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳለው እንዲህ ያለ ማዕከል ያላቸው አባል አገሮች ከግማሽ በታች ናቸው። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ የመርዝ ቁጥር የላችሁም። ስለዚህ ያለንን እንያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የወረዳችሁን አምቡላንስና የጤና ጣቢያውን ቁጥር ዛሬውኑ መዝግቡ። አንድ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ ደውሉ፣ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ ምንም አታጠጡ፣ አታስታውኩ። ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ኬሚካል የፈሰሰበትን ልብሱን አውልቁና ገላውን በብዙ ውሃ እጠቡት።

ዕቃውን ደግሞ ይዛችሁ ኑ! አንዳንዱ ፀረ-ተባይ ምራቅ ያዝረከርካል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የዓይን ብሌን ያጠብባል፤ ለሱ አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ። ለሌላው ኬሚካል ያው መርፌ አይሠራም። ሐኪሙ ስም የሌላት ሃይላንድ ይዞ ምን ይለይ?

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ሆን ብሎ የጠጣ ሰው ሲኖር ቤተሰብ ሐሜት ፈርቶ “ጨጓራውን አሞት ነው” ይላል። ሐኪሙም ጨጓራ ያክማል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። እባካችሁ እውነቱን ለሐኪሙ ብቻ ንገሩት። ሐሜቱን በኋላ እንችለዋለን።

የነቀዝ ክኒን ያለበት ቤት ውስጥ ማንም አይተኛ፣ ጋዝ ይወጣዋል። ኬሚካሉንም በመጣበት ዕቃ፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ተቀንሶ የምትገዙ ከሆነ ስሙን እዚያው ሻጩን አጽፉት፤ “ምን ያደርግልሃል” ካላችሁ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።

የኬሚካሉን ስም ጽፋችሁ ዕቃው ላይ የምትለጥፉበት ፕላስተርና እስክሪብቶ በሩ ጋ አስቀምጠናል፣ ስትወጡ ውሰዱ። መጻፍ የማይችል ለተማሪ ልጁ ይስጠው። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ እዚሁ ነኝ።