ቆሻሻ በውሃ ቆጣሪ አይለካም

የተከበራችሁ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች፣ የኮሚቴ አባላት፣ የእድር ዳኞች፣ ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ለእኔ የተጻፈልኝ «ስለ አካባቢ ጽዳት አጭር ገለጻ» ይላል። ስለ ጽዳት ለእናንተ ምን እገልጻለሁ? ደረጃውን በየተራ የምታጥቡት እናንተው ናችሁ። እኔ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማህበር ሊቀመንበር ብባልም ጋሪ የምገፋ ሴት ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ገንዘብ ላወራ ነው።

በአዲስ አበባ ለዓመታት የቆሻሻ ክፍያ የኖረው ከውሃ ቢል ጋር ተለጥፎ ነው። መኖሪያ ቤት የውሃ ሂሳቡን 20 በመቶ፣ ንግድ ቤት 42.5 በመቶ ሲከፍል ኖሯል። ሐሳቡ ሲመጣ ክፋት አልነበረበትም። ብር ለመሰብሰብ ቀላል ነው። ውሃ እንዳይቆረጥበት ሲል ሁሉም ይከፍላል። ግን ብዙ ውሃ የተጠቀመ ሰው ብዙ ቆሻሻ ይጥላል ያለው ማነው?

ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንዳንዶቻችሁ ልብሳችሁን የሚያጥቡላችሁ እሳቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ውሃ በፈረቃ በምትመጣበት ሌሊት ባልዲና ጀሪካን ደርድረው፣ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። በዚያ ውሃ ነው የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ታዲያ በሳምንት የሚያወጡት ቆሻሻ አንዲት ፌስታል ናት። ውስጧን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። የኦሞ ላስቲክ፣ ትንሽ የቡና አተላ፣ ያረጀ ጨርቅ። የድንችና የሽንኩርት ልጣጩን በግ ለሚያደልብ ጎረቤት ይሰጣሉ። ሃይላንዱን ሰብስበው ለቆራሌው ይሸጣሉ። ከእሳቸው ቤት ቆሻሻ ለማግኘት መለመን ነው የቀረን።

እዚያው ብሎክ፣ ምድር ላይ፣ ለሠርግና ለልደት ምግብ የሚያዘጋጅ ቤት አለ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ሠርተው ነው የሚበሉት፤ ጠብ የለኝም። ቤቱ ግን በመኖሪያ ስም ነው የተመዘገበው። ውሃ ሲያልቅባቸው በቦቴ ያስመጣሉ። የቦቴው ውሃ ደግሞ ቢል ላይ አይወጣም።

የፋሲካ ማግስት ሄድን። ደጁ ላይ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ተቆልሏል። አንዱን ለሁለት ብናነሳው ሥሩ ተቀደደና ፈርሱ እግራችን ላይ ፈሰሰ። የበግ ቆዳ አለ። ድሮ እኮ ቆዳ ገዢ ደጅ ድረስ እየመጣ ይከራከረን ነበር፤ ዛሬ ዋጋው ወድቆ ቆዳውም ቆሻሻ ሆኗል። የሽንኩርት ልጣጭ በኩንታል ነው። የተረፈ እንጀራ አለ፣ አጥንት አለ፣ የዘይት ጀሪካን አለ። ጋሪው እየሞላ ሲመላለስ ዋለ። እኒያ እናት በረንዳቸው ላይ ቆመው ያዩናል። «አይዟችሁ ልጆቼ» አሉንና ውሃ አወረዱልን፤ መታጠቢያ። ያቺም ውሃ ቢላቸው ላይ ትቆጠራለች።

በወሩ መጨረሻ ሁለቱንም ቢል አየሁት። ለቆሻሻ የበለጠ የከፈሉት አራተኛ ፎቅ ያሉት ናቸው።

ይሄ ምን ይባላል? ልብስ አጣቢዋ ለድግሱ ቆሻሻ ትክፈል? ከመገናኛ ሜክሲኮ የሄደውና አንድ ፌርማታ የወረደው እኩል ይክፈሉ ቢል ረዳቱን እናስወርደው የለ? እዚህ ጋ ግን የወረደችው ናት የበለጠ የከፈለችው! ደሃ ሀብታሙን እየደጎመ ነው፤ እኛም ዝም ብለን ደረሰኝ እንቆርጣለን። ማጨብጨብ ይቻላል፣ አልተከለከለም።

አሁን ስለ እኛ ልናገር። ማህበራችን የሚከፈለው ባመጣው ቆሻሻ ልክ ነው። ብዙ ቆሻሻ ካመጣን ብዙ ብር፣ ትንሽ ካመጣን ትንሽ ብር። አያችሁት? እኛን ሲከፍሉን ቆሻሻው ይለካል። እናንተን ሲያስከፍሉ አይለካም። ቆሻሻ ብትቀንሱ መጀመሪያ የምከስረው እኔ ነኝ። እንግዲህ ጥቅሟን ፈልጋ ነው የምትሉኝ ካላችሁ ሂሳቡን እንደገና ሥሩት።

ይህንን ጽፈን አመልክተናል። «ጥናት ላይ ነው» ተባልን። ኃላፊው ተቀየረ። አዲሱም «ጥናት ላይ ነው» አለን። ጥናቱን አሳዩን ብንል ፋይሉ የለም። የሚያጠናውን ሰው አሳዩን ብንል ስብሰባ ላይ ነው። ቆሻሻ ግን ጥናት አይጠብቅም፤ በሦስተኛው ቀን ይሸታል!

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አባቶቻችን ቃኘው ሆነው የዘመቱላት ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በአገር ደረጃ የምትሠራው እንዲህ ነው። ሰዉ ከሰፈሩ ሱቅ የአካባቢው አስተዳደር ምልክት ያለበትን ከረጢት ይገዛል። ቆሻሻው በዚያ ከረጢት ብቻ ነው የሚነሳው። ክፍያው ከረጢቱ ውስጥ አለ። ፕላስቲክና ወረቀት ለይቶ ላወጣ በነጻ ይነሳለታል። የምግብ ትራፊ ደግሞ በብዙ አፓርታማዎች ካርድ ተነክቶ በኪሎ ይመዘናል። አሜሪካ ሲያትል ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። እዚያ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚያስከፍለው በበርሜሉ መጠን ነው፤ ትንሽ በርሜል የያዘ ትንሽ፣ ትልቅ የያዘ ብዙ።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉኝ። የእኛ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ አተላ። ያ ተለይቶ ቢወጣ ከረጢት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ቆራሊዮና ልዋጭ ደጃችን ላይ ሲጮሁ ነው ያደግነው። ቆሻሻ ዋጋ እንዳለው ለአዲስ አበባ ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

የምንለው ይኸው ነው። የቆሻሻው ክፍያ ከውሃ ቢሉ ይነጠል። እያንዳንዱ ቤት በወር ትንሽ ቋሚ መዋጮ ይክፈል፤ ጋሪውና ጓንቱ በዚያ ይሸፈናል። ከዚያ በላይ ያለው ክፍያ በማዳበሪያ ቁጥር ይሁን። ምልክት ያለበት ማዳበሪያ ከኮሚቴው ሱቅ ይሸጣል። የመጀመሪያዎቹ ለሁሉም በነጻ ይሰጣሉ። ልጣጭ በባልዲ በነጻ እናነሳለን። አቅም ለሌለውና ዳይፐር ለሚበዛበት ቤት እድሩ ይሸፍን፤ ዝርዝሩን እድሩ ያውቀዋል።

«ማታ ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል» የሚል ስጋት ሰምቻለሁ። ልክ ነው፣ የሚጥል ይኖራል። ኮሪያም መጀመሪያ ላይ በድብቅ የጣለም ያቃጠለም ነበር። ቋሚ መዋጮ ያልነው ለዚህ ነው፤ ደብቆ ቢጥልም ከመክፈል አያመልጥም። ለቀረው ጥበቃ አለን። ደግሞስ ዛሬ ወንዙ ንጹህ ነው እንዴ?

የቆሻሻ ክምሩን ቆሼንም ላንሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ያ ክምር ከየቤታችን የወጣ ነው። ማን ስንት እንደጣለ የጠየቀ አልነበረም።

ለሙከራ አንድ ብሎክ ይበቃናል። የውሃ ቢሉ በእጃችን አይደለም፤ ማዳበሪያውን ግን ነገ መጀመር እንችላለን። የብሎክ ተወካዮች፣ ከመውጣታችሁ በፊት መዝገቡ በሩ ጋ ስላለ ፈርሙ። ምድር ያሉት የምግብ አዘጋጆች ቀድመው ፈርመዋል፤ ሲወቀስ የዋለ ቤት ነውና ይመስገኑ። ስለ ማዳበሪያው የምትጠይቁት ካለ እኔ እመልሳለሁ። ስለ 20 በመቶው ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ ከወረዳ የመጡት እንግዶቻችን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ማይኩን ለእነሱ እሰጣለሁ።