አማካሪዬም መልሱን አያውቁም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ማስተርሱን ጨርሳችሁ «ፒኤችዲ ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ?» እያላችሁ እንቅልፍ ላጣችሁት ነው።

እኔ ስጀምር ፒኤችዲ ረዘም ያለ ማስተርስ ነበር የሚመስለኝ። ውጤቴ ጥሩ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ተመስግኗል፣ «ይቺማ ምን አላት!» ብዬ ዘው አልኩ። በሦስተኛው ወር አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «እኔም አላውቅም» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ማስተርስ ላይ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቃችኋል፤ ኮርስ አለ፣ ፈተና አለ፣ ጥናታችሁም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዘዴውን አውቃችሁ በትክክል መሥራታችሁን ካሳየ ይበቃል። ዶክትሬት ግን ትንሽም ብትሆን ከእናንተ በፊት ማንም ያላወቃትን ነገር አምጡ ይላል። ጎበዝ ተማሪ የሚደናገረውም ለዚህ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የተመሰገነው በመልስ ነዋ!

ጆሴሊን ቤል እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሥራዋ ኳዛር የሚባሉትን በጣም ሩቅ የራዲዮ ምንጮች ማጥናት ነው። ቴሌስኮፑ በቀን 30 ሜትር ገደማ ወረቀት ላይ መስመር ይስላል፣ እሷ ደግሞ ያንን ሁሉ በዓይኗ ትለቅማለች (አሰልቺ ነው፣ አዎ፣ የሪሰርች አብዛኛው ቀን እንዲህ ነው)። አንድ ቀን ኳዛርም የማይመስል፣ የምድር ረብሻም የማይመስል ትንሽ ጭረት አየች። ብታልፈው ማንም አይጠይቃትም። አላለፈችውም። ፑልሳር (እየተሽከረከረ እንደ ልብ ምት የራዲዮ ሞገድ የሚልክ የኮከብ ዓይነት) የተገኘው እንዲህ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ የመመረቂያ ርዕሷ ሌላ ስለነበር ያ ሁሉ ግኝት ጽሑፏ ውስጥ የገባው አባሪ ሆኖ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁን እንደ ውል አትዩት።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ በስሙ አትደንግጡ፤ አማካሪውን ምረጡ። እሳቸውን ሳይሆን ተማሪዎቻቸውን አናግሩ። የላኩት ረቂቅ በስንት ሳምንት ይመለሳል? ስንቱ ጨረሰ፣ ስንቱ አቋርጦ ሄደ? ገንዘቡስ እስከ መጨረሻው ዓመት አለ? እንግሊዝ አገር ሦስት አራት ዓመት ነው፤ አሜሪካ ኮርሱ ስለሚጨመር አምስት ስድስት ይደርሳል፤ ያን ያህል ጊዜ ከማያነብላችሁ ሰው ጋር መኖር ከባድ ነው። ሥራ ስለጠፋ ብቻ መግባትንም አልመክርም፤ ሥራው ሲገኝ ጥናቱ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አሁንም ካልቆረጣችሁ፣ ማታ ቤት ስትገቡ የማስተርስ ጽሑፋችሁን ክፈቱ። መጨረሻ ላይ «ለወደፊት ጥናት» ብላችሁ በጥድፊያ የጻፋችኋት ገጽ አለች አይደል? አንብቧት። እስካሁን የምትከነክናችሁ አንዲት መስመር ካገኛችሁ ለአማካሪ የምትልኩትን ኢሜይል ከሷ ጀምሩ። የኔዋ መስመር አሥራ አንድ ቃል ነበረች። አምስት ዓመት ፈጀችብኝ።