እድራችን ስደተኛ ይቀበላል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከውጭ የጀነሬተር ድምፅ ከሰማችሁ ቻሉኝ፤ ሰፈሩ መብራት የለውም።

የማወራችሁ ስለ እድር ነው። አትሳቁ። የኮንዶሚኒየማችን እድር ባለፈው ሲሰበሰብ አንድ ያልተለመደ ጥያቄ መጣ። ከሱዳን ተሰዳ የመጣች ጎረቤታችን "አባል መሆን እፈልጋለሁ" ብላ በሰው አስጠይቃለች። ቤቱ ዝም አለ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "እነሱ እኮ ነገ ይሄዳሉ" አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ሰፈሩ አላሳፈረንም። ፍራሽ ያወጣላት አለ፣ እንጀራ የላከላት አለ። ሱዳኖች ኪስራ የሚሉት ከማሽላ የሚጋገር ስስ ነገር አላቸው፤ የእኛን እንጀራ ስትቀምስ "ወፍራም ኪስራ" ብላ ሁላችንንም አስቃናለች። በረመዳን ማፍጠሪያ የሚልኩላት ሴቶች ግማሾቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። መስጠት ላይ ጎበዞች ነን።

ግን እሷን ማን ምን ጠየቃት? ለቅሶ ሲኖር አልተጠራችም። ለግቢ ጽዳት "ነይ" ያላት የለም። የጥበቃ መዋጮ ግን በየወሩ በሯ ድረስ እየተሄደ ተሰብስቧል! ለብሩ ጎረቤት ናት፣ ለስብሰባው እንግዳ።

እኔ እንደሚመስለኝ ሰው የሰፈር ሰው የሚሆነው ሲሰጠው ሳይሆን ሲፈለግበት ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ይከብዳል። ያጎነብሳል። "ነገ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት እንከትፋለን፣ በጠዋት ነይ" የተባለች ሴት ግን በማግስቱ ደረጃው ላይ ቀና ብላ ሰላም ትላለች።

ሕጉማ ከእኛ ቀድሟል። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1110፣ ስደተኛ እንዲሠራ፣ ባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ልጁ ሲወለድ እንዲመዘገብለት መንገድ ከፍቷል። ለረጅም ጊዜ እዚህ የቆየና የጠየቀ ሰው ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር ተዋህዶ እንዲኖር የሚያስችል አንቀጽም አለው። ከዚያም በፊት፣ በ2002፣ የሚደግፋቸው ዘመድ ያላቸው ኤርትራውያን ከካምፕ ወጥተው ከተማ እንዲኖሩ ተፈቅዶ ነበር። በእርግጥ ከወረቀቱ እስከ ቢሮው መስኮት ያለው መንገድ ረጅም ነው። ጉዳይ ያስፈጸመ ያውቀዋል። ቢሆንም፣ መስኮቱ ሁሉ ቢከፈት እንኳ አዋጅ ለቅሶ ቤት አያስቀምጥም። እሱ የእኛ ሥራ ነው።

ቅሬታም አለ፣ አልደብቅም። "ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው" የሚል ወሬ በሰፈሩ ይዞራል። ወንድም ወይም እህት ከውጭ የሚልክላቸው አሉ፤ አከራዩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይቆልላል። ታዲያ ዋጋውን የሚጠራው ማን ነው? ተከራይቷ አይደለችም። አከራዩ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ የእድሩ አባል ነው። ስብሰባው ላይ ይህን ስል ሁለት ሰዎች ወደ መሬት አዩ።

ደግሞ ከሱዳን ጋር ዕዳም አለብን። በደርግ ጊዜ፣ በ1977 ድርቅም፣ ስንቱ ነው መተማን ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባው? ካርቱም ዴም ሰፈር የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው፣ ቡና አፍልተው ኖረዋል። በ2013 እንኳ ከትግራይ ጦርነት ከሸሸው ሕዝብ ስንቱ ነው ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ የተጠለለው። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት መንገዱ ተገለበጠ። አሁን እነሱ ናቸው በመተማና በኩርሙክ የሚገቡት።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ሽማግሌው "ነገ ይሄዳሉ" ሲሉ ገንዘብ ያዥዋ ሳቀች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ቁጥር አያልፋትም። "አባባ፣ የሚሄድ አባል እኮ ለእድር ትርፍ ነው" አለች። "መግቢያውን ከፍላ፣ ወርሃዊውን ከፍላ፣ አንድ ቀን ብትሄድ መዋጮውን ይዛው ትሄዳለች? እዚሁ ይቀራል። የምንከስረው የሚሞትብን ላይ ነው፤ ሞት ደግሞ መታወቂያ አይጠይቅም።" ሽማግሌውም ሳቁ። እኔ ስለ ሰብአዊነት ረዘም ያለ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ቀጥሎ ደንቡ መጣ። አባል የሚሆን ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ያቀርባል ይላል። እሷ ያላት የስደተኛ መታወቂያ ነው። ግማሹ ቤት "እሱም መታወቂያ ነው"፣ ግማሹ "ደንብ ደንብ ነው" አለ። አንዱ ተከራይ ተነሥቶ "የእኔ መታወቂያ እኮ እስካሁን የጎንደር ነው፣ ማን ጠየቀኝ?" ሲል ክርክሩ አለቀ። "ወይም በመንግሥት የታወቀ ሌላ መታወቂያ" የሚል ሐረግ እንዲጨመር በእጅ ብልጫ ተወሰነ። ሽማግሌውም እጃቸውን አወጡ።

ጎረቤታችን መግቢያውን በሁለት ጊዜ ትከፍላለች። ለማንኛውም አዲስ አባል የሚደረግ ነው፣ ለእሷ የተለየ የለም። በመጀመሪያው ለቅሶ የደረሳት ተራ ወጥ ቤት ነው። ምን ሰዓት መምጣት እንዳለባት፣ ከቀረች ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ተነግሯታል። ቅጣቱን ስትሰማ "ለእኔም ነው?" ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ለአንቺም።

አንድ ነገር ቀረን። መተዳደሪያ ደንቡ አሥራ ምናምን ገጽ ነው፣ ያውም በአማርኛ። አረብኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ከእናንተ መሀል ካለ ይጻፍልኝ። ክፍያ የለውም፤ ምሳ ግን ገንዘብ ያዥዋ ትችላለች። ደህና ሁኑልኝ።