ሚኒ ሚዲያውና ሳጅኑ፦ መቁረጫው በማን እጅ ይሁን?

[ምስል፦ ማለዳ፤ ባንዲራ ሲሰቀል፤ ግድግዳ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ]

ተራኪ፦ አዲስ አበባ የተማረ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሚኒ ሚዲያ ነው። ዜናውንም ግጥሙንም የሚያዘጋጁት፣ የሚያነቡትም ተማሪዎች ናቸው። ፖሊስ ሲጋበዝ ግን ብዙ ጊዜ መጥቶ ይመክራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይሄዳል። የሚጠይቀው የለም።

[ምስል፦ ፒያሳ፤ የታክሲ ሰልፍ]

የሚኒ ሚዲያው ልጆችና የቀጣናው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አብረው አጭር ቪዲዮ ቢሠሩስ? ርዕሱ ከሩቅ አይመጣም። ከፒያሳ አራት ኪሎ በታክሲ የሚመላለስ ተማሪ መስኮት ዳር ተቀምጦ ስልክ ማውጣት ይፈራል። ሳጅኑ ነጣቂ የሚያደባበትን ቦታና ሰዓት ያውቃል። ልጆቹ ደግሞ የተነጠቀው ጓደኛቸው ለምን ጣቢያ ሳይሄድ እንደቀረ ያውቃሉ። ይህን ሳጅኑ ከነሱ በቀር ከማንም አይሰማውም።

[ምስል፦ የስልክ ቁልፎች በቅርበት]

ይቺን አሁኑኑ ሞክሯት። ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል። የሚመጣው 15 አሃዝ የስልካችሁ መለያ ነው፤ ደብተር ላይ ጻፉት። ስልኩ ከሄደ በኋላ ጣቢያ ቆሞ «ጥቁር ስልክ ነው» ማለት ብዙም አይረዳም።

[ምስል፦ ሁለት ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ሲያቀናብሩ]

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኤዲቲንጉ ነው። አንዱ ልጅ «ሳጅን፣ እኛን መንገድ ላይ እያስቆማችሁ ለምን ትፈትሹናላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ይቆረጥ? በፍጹም! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንም ሰው ከፍተሻ የመጠበቅ መብት እንዳለው፣ መብቱም የሚገደበው በሕግ እንደሆነ ይናገራል። ሳጅኑ መቼ መፈተሽ እንደሚችልና እንደማይችል ካሜራው ፊት ይናገር። ጥያቄው ከተቆረጠ የቀረው ማስታወቂያ ነው፤ እኩዮቻቸው ደግሞ ማስታወቂያን ገና ከመጀመሪያው ያውቁታል።

ፖሊሱ «ይቆረጥ» የሚለውም አለ፤ ትክክልም ነው። የተጠርጣሪ ፊት አይታይም። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት ያዛል። ተጠርጣሪው ልጅ ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜው 9 ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰርም። ነገ ክፍል ሊመለስ የሚችል ልጅ ነውና ፊቱ ብቻ ሳይሆን ዩኒፎርሙና የሰፈሩ በርም ይደበቅ።

ስለዚህ ካሜራ ከመነሳቱ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ። ፖሊስ ማንነትንና በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይን ማስቆረጥ ይችላል፤ ጥያቄን አይችልም። የወላጅ ፈቃድም አብሮ ይያያዝ።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ግቢ፤ ዓርብ፣ የእረፍት ሰዓት]

ቪዲዮው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይውጣ፤ ድምፁ ደግሞ ስልክ ለሌላቸው በሚኒ ሚዲያው ይለቀቅ። ሳጅኑ ያን ቀን ማይክ ሳይዙ ግቢው ውስጥ ይቁሙ። ካሜራ ፊት መናገር ያፈረ ልጅ ጠጋ ብሎ የሚጠይቃቸው አያጣም።