የጥምቀት አስተናባሪ ሥራ፦ እንግዳን መቀበል፣ ሕዝብን መጠበቅ

(ምስል፦ የከተራ ዕለት፤ ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ሲጓዙ)

ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታት ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ጉዞ ሲጀምሩ ከፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉ፣ ከግራና ከቀኝ ገመድ ይዘው ወይም እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ የሚያስከብሩ፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶችን እናያለን። አብዛኞቹ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ወይም በየሰፈሩ በማኅበር የተሰባሰቡ ልጆች ሲሆኑ፣ ያለ ክፍያ በፈቃዳቸው ያገለግላሉ። ይህ ቪዲዮ የአስተናባሪነትን አገልግሎት የሚያብራራ ሲሆን፣ በተለይ የተዘጋጀው በመጪው በዓል ለማገልገል ስማችሁን ለማስመዝገብ ላሰባችሁ ነው።

አገልግሎቱ ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 የቤተ መቅደሱን ደጅ እንዲጠብቁ የተመረጡት 212 ሰዎች እንደነበሩ፣ በአራቱም አቅጣጫ ይቆሙ እንደነበርና ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የአገልግሎቱን ዕቃ በቁጥር ያስገቡና ያስወጡ እንደነበር ተጽፏል። ዛሬም በደጅ መቆም ማየትን፣ መቁጠርንና ኃላፊነትን የሚጠይቅ አገልግሎት ነው።

ብዙ ጊዜ መቀበልና መጠበቅ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚሰጡ ሥራዎች ይመስሉናል፤ አንዱ ፈገግ ብሎ ያስገባል፣ ሌላው ፊቱን አጥብቆ ይፈትሻል። በእኔ እምነት ይህ ክፍፍል ትክክል አይደለም። «እንኳን አደረሰዎት፣ እናቴ፤ በዚህ በኩል ይግቡ» ብሎ የተቀበለ ወጣት የእንግዳውን ዐይን አይቷል፤ ማን እንደደከመ፣ ማን እንደተደናገጠ፣ ማን ሕፃን እንዳዘለ፣ ማን ሰላምታውን ሸሽቶ ሊያልፍ እንደፈለገ ከማንም በፊት ያውቃል። ሰላምታ ያልሰጠ ፈታሽ የሚያየው ቦርሳውን ብቻ ነው።

(ምስል፦ የመግቢያ በር ፍተሻ፤ ወንዶችና ሴቶች በየራሳቸው ሰልፍ)

ፍተሻው ራሱ ሥርዓት አለው። ሴቶችን ሴት፣ ወንዶችን ወንድ ይፈትሻል፤ ነጠላ ወይም ጋቢ የሚገለጠው ባለቤቱ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ስለት ያለው ነገር ሲገኝ ድምፅን ሳያሰሙ ለፖሊስ ማስረከብ ይገባል፤ ሰውን በሕዝብ ፊት ማሳፈር ጠብ ይወልዳል፤ በበር ላይ የተነሣ ጠብ ደግሞ ከኋላ ያለውን ሰልፍ በሙሉ ያናውጣል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በምርኩዝና በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ሰዎች ሰልፍ ሳይጠብቁ የሚገቡበት መስመር አስቀድሞ ሊለይላቸው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ፤ እርሱም ግፊያ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሲቆም እንደ ልብ መንቀሳቀስ ይቻላል። አምስት ሲደርስ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል፤ ከስድስት ሲያልፍ ሰው በራሱ ፈቃድ መራመዱ ቀርቶ ሕዝቡ ወደወሰደው ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙዎች የሚሞቱት ተረግጠው ሳይሆን፣ በቆሙበት ደረታቸው ተጨፍልቆ አየር መሳብ ስለሚያቅታቸው ነው። ስለዚህ አስተናባሪው በዐይኑ መለካት መልመድ አለበት፦ ሰዎች እጃቸውን ከጎናቸው ማንሣት ካቃታቸው፣ ሕዝቡ ማንም ሳይራመድ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ከጀመረ፣ የእልልታው ድምፅ ወደ ጩኸት ከተለወጠ፣ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ አስተናባሪዎች የሚያደርጉት ከፊት ሆነው እጃቸውን ዘርግተው «ወደ ኋላ!» እያሉ መግፋት ነው። ይህ መሐል ያለውን ሰው ከሁለት ወገን ያስጨንቀዋል። ከኋላ የቆመው ምእመን ከፊት የሆነውን አያይም፤ ጸበሉ እንዳይቀርበት ብቻ ያስባል፤ እርሱ አንድ እርምጃ ሲጨምር ግፊቱ በመቶዎች ትከሻ ላይ ተደምሮ ፊት ይደርሳል። ግፊያ የሚበርደው ከኋላ የሚመጣውን በማቆምና ጎንና ጎኑን በመክፈት ነው። ይህ ደግሞ የሚቻለው ከፊትና ከኋላ የቆሙት አስተናባሪዎች በሬዲዮ፣ በስልክ ወይም ቢያንስ አስቀድመው በተስማሙበት የእጅ ምልክት ሲገናኙ ነው። ሜጋፎን የያዘ ሰውም ከኋላ ቢቆም የበለጠ ይጠቅማል።

በጥምቀት በዓል ይህ ጭንቅ የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል፦ ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ ውኃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር። ጸበሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተረጨ ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል። ከብዙ አቅጣጫ በቱቦ እንዲረጭ አስቀድሞ ከአባቶች ጋር መመካከር፣ «በያላችሁበት ይደርሳችኋል» ብሎ ማስታወቅና ቃሉንም መፈጸም ከማንኛውም ገመድ ይልቅ ሰውን ያረጋጋል።

(ምስል፦ ጎንደር፣ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር)

ከግፊያ ቀጥሎ የሚያሳስበው ሰው ላዩ ላይ የሚወጣበት መድረክና ርብራብ ነው። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ በኋላ በተከበረው የመጀመሪያ በዓል፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በጎንደር ለታዳሚ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም በግንባታ ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ፈርሶ ከ30 በላይ ምእመናን ሞተዋል። ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማር። አስተናባሪ የርብራብን ጥንካሬ የመመርመር ሙያ የለውም፤ ነገር ግን ባለሙያ ያላረጋገጠው መድረክ፣ አጥር፣ ጣሪያና ርብራብ ላይ ማንም እንዳይወጣ ከታች ቆሞ መከልከል ይችላል፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በስም ተመድቦ ሊቆም ይገባል።

ሌላው የዘወትር ሥራ ነው። በገሃድ (በጥምቀት ዋዜማ) ጾም ላይ ያሉ፣ ረጅም መንገድ በእግር የመጡ ሰዎች በፀሐይ ይዝላሉ፤ የወደቀውን ወደ ጥላ ማውጣት፣ ዙሪያውን መክፈት፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነ ሰው መጥራት ይገባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 መሆናቸውን እያንዳንዱ አስተናባሪ በቃሉ ይያዝ፤ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድም በዕቃና በመኪና እንዳይዘጋ ይጠበቅ። የጠፋ ሕፃን ሲገኝ ሁለት ሆነው አብረውት ይቆዩ፤ በድምፅ ማጉያ ሲነገር የልብሱ መልክና ስሙ ሁሉ አይዘርዘር፤ «የእኔ ነው» ላለ ሰው ሁሉ አይሰጥ፤ ምልክቱን ተናግሮ፣ ልጁም ካወቀው በኋላ በፖሊስ ፊት ይረከብ። ጸበል ሲረጭ የሚጮኹና የሚወድቁ ሕሙማንንም በስልክ ከሚቀርጹ ሰዎች መከለል የአስተናባሪ ሥራ ነው።

አስተናባሪ ዱላ አይዝም፣ አይማታም፣ ሰው አያስርም። ሌብነት ሲያይ ለፖሊስ ይጠቁማል፤ የተያዘውን ሰው ከሕዝብ ቁጣ ይጠብቃል። በብዙ ከተሞች የሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች ለጥምቀት መንገድ ሲያጸዱ፣ የክርስቲያን ወጣቶችም ለዒድ እንዲሁ ሲያደርጉ ይታያል፤ ሊያግዝ የመጣን ጎረቤት በፍቅር ተቀብሎ ሥራ ማካፈል ተገቢ ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ፣ አዳራሽ ተከራይታችሁ የምትቀድሱ፣ በአዳራሹ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደውን የሰው ብዛት አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ በየእጁ ሲበራ መውጫ በሮች ሁሉ ያልተቆለፉና ያልተጋረዱ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰው መድቡ።

(ምስል፦ የአስተናባሪዎች ስብሰባ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ)

ዝግጅቱ ከበዓሉ ሳምንታት በፊት ይጀምራል። ሰበካ ጉባኤውና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ስም ይመዘግባሉ፤ ባጅ ለታወቀ ሰው ብቻ ይሰጣል፤ መንገዱ በእግር ይታያል፤ ጠባብ ቦታዎች ይመዘገባሉ፤ ከፖሊስና ከጤና ባለሙያዎች ጋር የጋራ ስብሰባ ይደረጋል። ተራም ይወጣል። ከከተራ ጀምሮ ሳይተኛ ያደረ ወጣት ታቦታቱ በሚመለሱበት ሰዓት ዝሎ ስለሚገኝ፣ የጠዋቱና የመመለሻው ቡድን የተለያዩ ይሁኑ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ቀን ስለሆነ፣ ለዚያ ጉዞ ያረፈና የበላ ሌላ ቡድን ከአሁኑ ይመደብ።